ከመኪና ሞላ መሮ፦ በቁራሌ ብረት የራስን የእንጨት መሣሪያ መቀጥቀጥ

የመጀመሪያ መሮዬን የሠራሁት ከፌሮ ነበር። ከግንባታ የተረፈ ባለ 14 ሚሊ ፌሮ አገኘሁና ግማሽ ቀን ቀጠቀጥኩት፣ ሞረድኩት፣ አሳመርኩት። ከዚያ ዋንዛ ጣውላ ላይ አስደግፌ አንዴ በመዶሻ ስመታው ስለቱ እንደ ወረቀት ተጠቀለለ። ሁለተኛውን ከመኪና ሞላ ሠራሁ። ይሄኛው ጎበዝ ብረት ነበር። እኔ ግን ፍም እንደመሰለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። "ጢቅ" የምትል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። አውጥቼ ሳየው ከጫፉ ጀምሮ በፀጉር ውፍረት ተሰንጥቋል። ሦስተኛው እስከ ዛሬ ይሠራል።

በሦስቱ መሃል የመዶሻ አመታቴ ብዙም አልተሻሻለም። የተለወጠው የብረቱ ምርጫና የሙቀቱ አያያዝ ነው። አዲስ ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ቅርጹ ነው። ቅርጽ በሞረድ ይስተካከላል። ያልሆነ ብረት፣ ወይም በትክክል ያልጠነከረ ብረት ግን በምንም አይስተካከልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቅጥቀጣው ላይ ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ፤ ብረት መምረጡ፣ ማጠንከሩና ማለዘቡ ላይ ግን እቆያለሁ።

የምንሠራው 20 ሚሊ ስፋት ያለው፣ የእንጨት እጀታ የሚገባለት መሮ ነው። ለጀማሪ ከመጥረቢያም ከመላጊያ ምላጭም ይቀላል። ትንሽ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ቢበላሽም የሚባክነው ግማሽ ቀለበት ሞላ ብቻ ነው።

ብረቱን ማግኘትና መፈተን

ብረት በሙቀት የሚጠነክረው በውስጡ በቂ ካርቦን ሲኖር ነው። ከ0.3 በመቶ በታች ካርቦን ያለው ብረት ብታግሉት፣ ብትነክሩት፣ ብትለምኑት ስለት አይዝም። ፌሮ፣ ላሜራ፣ የመስኮትና የበር ብረት፣ ተራ ብሎን በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ናቸው። የመኪና ሞላና ባሌስትራ (ጠፍጣፋው የመኪና ሞላ) ግን ወደ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ይይዛሉ። ጥሩ ሞረድ ደግሞ ከ1 በመቶ በላይ አለው። ሦስቱም ለኛ ወርቅ ናቸው።

ለመሮ የምመርጠው ሞላውን ነው። የቤት መኪና ሞላ ሽቦ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 14 ሚሊ ውፍረት ያለው ክብ ዘንግ ነው። ባሌስትራ ሰፊ ስለሆነ በቁመቱ መሰንጠቅ ይጠይቃል፤ ግራይንደር ለሌለው ሰው መከራ ነው። ሞላውን ግን በብረት መጋዝም ቢሆን መቁረጥ ይቻላል፤ ጠንካራ ስለሆነ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠውን ቦታ አግላችሁ አመድ ውስጥ አቀዝቅዙት።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ምናለሽ ተራና ሶማሌ ተራ አሉ። ምናለሽ ተራ ሄዶ የማያውቅ ሰው ባይገዛም አንድ ቀን ይሂድ፤ የተጣለ ብረት ስንት ነገር እንደሚወጣው እዚያ ነው የሚታየው። ክፍለ ሀገር ያላችሁ የጋራዥ ጓሮ ጠይቁ። የሰፈራችሁን ቁራሌም አስቀድማችሁ "ሞላና ያረጀ ሞረድ ስታገኝ ለኔ" በሉት። ሞረዱን እንደማይረባ ነገር በርካሽ ነው የሚሰጣችሁ።

ስትገዙ ሞላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት። የዛገ ምንም አይደል። በዝገት የተቦረቦረና የተሰነጠቀውን ግን ተዉት። ሞላ ሚሊዮን ጊዜ የታጠፈና የተዘረጋ ዕቃ ነው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በክር አንጠልጥላችሁ በትንሽ መዶሻ መታ አድርጉት። እንደ ደወል ረዘም አድርጎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ሌላ ምረጡ።

እሳት ውስጥ ፈጽሞ የማይገቡ ነገሮች አሉ። ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ፣ ቆርቆሮና የሚያብለጨልጭ ኒኬል ወይም ክሮም የለበሰ ዕቃ አታግሉ። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ የእኛ እሳት ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ጢሱ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል። አሞርዛተር ከሆነ ጭራሽ አትጠጉት። የታሸገ ዘይትና ጋዝ ስላለው እሳት ላይ እንደ ቦምብ ነው የሚሆነው።

አሁን ፈተናው። ይህን ሳታደርጉ ሥራ አትጀምሩ፤ የኔ ፌሮ ትምህርት ይሁናችሁ። ከሞላው ጫፍ እንደ ጣት የምታህል ቁራጭ ቁረጡና ጫፏን በእሳት ቀጠን አድርጋችሁ ቀጥቅጡ። ከዚያ ቀይ ሆና ማግኔት የማይስባት ድረስ አግሏት። ውሃ ውስጥ ንከሯት። እዚህ ላይ ብትሰነጠቅም ግድ የለም፤ ፈተና ናት። ስትቀዘቅዝ በሞረድ ፈግፍጓት። ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ ብረታችሁ ይጠነክራል ማለት ነው። ሞረዱ ከነከሳት ለሌላ ሥራ አውሏት። ከጠነከረች ደግሞ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ስበሯት። የተሰበረው ገጽ እንደ ሸክላ ድቅቅ ያለና ግራጫ ከሆነ ሙቀታችሁ ልክ ነበር። እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ሻካራ ቅንጣት ካያችሁ ከልክ በላይ አግላችኋል። ይቺን ስባሪ አትጣሏት፤ ኋላ ዋናውን መሮ ስታጠነክሩ ዓይናችሁ የሚያስታውሰው የቷን ቀለም እንደሆነ የምትነግራችሁ እሷ ናት።

ምድጃውና የተቀረው ዕቃ

ምድጃ ማለት ከሰልና አየር የሚገናኙበት ጉድጓድ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ያረጀ የመኪና ቸርኬ ፈልጉ። ሸክላ አፈርና አመድ በውሃ አቡክታችሁ ውስጡን ለስኑት። መሃሉ ላይ 20 ሴንቲ ስፋትና 10 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ ተዉ። ባለ 1 ኢንች የብረት ቱቦ ከጎን አስገቡና አፉ ከጎድጓዳው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ይከፈት። ቱቦው ዚንክ የተቀባ እንዳይሆን። ጭቃው ቢያንስ ሳምንት ይድረቅ፤ ከዚያ በትንሽ እሳት አሟሙቁት። እርጥብ ጭቃ ይፈነዳል። በሲሚንቶ ወይም በወንዝ ድንጋይ ምድጃ መሥራት ያማራችሁም ካላችሁ ይቅርባችሁ፤ እነሱም ይፈነዳሉ።

ለአየር የፀጉር ማድረቂያ በቂ ነው። ቀዝቃዛው ላይ አድርጉትና ከቱቦው አፍ ትንሽ አርቃችሁ አስቀምጡት። ስታርቁት አየሩ ይቀንሳል፣ ስታቀርቡት ይጨምራል። መብራት ሲሄድ ግን ሥራው እዚያው ያበቃል። ወናፍ ያለው ቀጥቃጭ ይህ ችግር የለበትም። እናም በአቅራቢያችሁ ወናፍ የሚነፋ ቀጥቃጭ ካለ አንድ ቀን ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ይህ ጽሑፍ የማያሳያችሁን የእሳት ቀለም እዚያ ታያላችሁ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በዚሁ በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። አገሩ በእጃቸው እያረሰና እየቆረጠ "ጠይብ" "ቡዳ" ይላቸው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም። ሙያውን የሚቀስም ሰው ያነሰው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

መስፍ፣ ማለትም ብረት ተደግፎ የሚቀጠቀጥበት፣ ውድ ነው፣ ግን አያስፈልግም። ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚመዝን የድንጋይ መፍለጫ መዶሻ ጭንቅላት ግዙ። በወፍራም የባህር ዛፍ ግንድ ላይ ልኩን ቦርቡራችሁ አንዱን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቅበሩት። ቁመቱ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ የጨበጣችሁት እጅ በሚደርስበት ይሁን። ከዚያ ካነሰ ወገባችሁ ያልቃል። የባቡር ሀዲድ ቁራጭም ጥሩ መስፍ ይወጣዋል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሀዲድ ግን አትግዙ።

የተቀረው ይህ ነው፦ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ጥሩ ሞረድ፣ ሞርሳ፣ በሽቦ ጫፍ የታሰረ ማግኔት፣ ክዳን ያለው የብረት ባልዲ፣ 4 ሊትር ያህል የምግብ ዘይት፣ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋና አንድ ባልዲ የተነፋ አመድ። ጉጠት ካላገኛችሁ ሞላውን ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡና በቀዝቃዛው ጫፍ ይዛችሁ ሥሩ። በፒንሳ የምትሠሩ ከሆነ ብረቱ አንድ ቀን ያመልጣችኋል፤ የት እንደሚያርፍ ደግሞ አይታወቅም።

የዓይን መነጽር አድርጉ። የጥጥ ልብስና የቆዳ ጫማ ልበሱ። ናይለን ልብስ ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ሥራው ደጅ ነው የሚሠራው። ከሰል ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለአበሻ አይነገርም።

ቅጥቀጣው

የሞላው ቀለበት 12 ሴንቲ ገደማ ስፋት ካለው ዙሪያው ወደ 38 ሴንቲ ይሆናል። ለሁለት ቁረጡት። አንዱ ግማሽ፣ ወደ 19 ሴንቲ፣ አንድ መሮ ይወጣዋል።

ከሰሉን አቀጣጥሉና ከቱቦው አፍ በላይ 10 ሴንቲ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቆልሉት። ብረቱን ፍሙ መሃል በአግድም አስገቡት። ቱቦው አፍ ፊት ለፊት አታድርጉት፤ እዚያ ያለው አየር ብረቱን ይበላዋል። ለቅጥቀጣ የምትፈልጉት የበሰለ ብርቱካን ቀለም ነው። ወደ ቢጫ ከሄደ አውጡት። እንደ ርችት ብልጭ ብልጭ ካለ ተቃጥሏል፤ ያ ቦታ ተቆርጦ ይጣላል። ቀለሙ ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲወርድ ደግሞ መምታት አቁሙና ወደ እሳቱ መልሱት። "ብረትን እንደጋለ" የሚባለው እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም። ሞላ በቀዘቀዘ ጊዜ ቢመታ ውስጡ ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ አቅኑት። አግላችሁ የጎበጠውን ወደ ላይ አድርጋችሁ መስፉ ላይ ቀስ እያላችሁ ምቱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ማጋል ይበቃዋል።

ቀጥሎ እጀታ ውስጥ የሚገባውን ጭራ ሥሩ። ከአንዱ ጫፍ 2 ሴንቲ ብቻ ለኩ። ያቺን 2 ሴንቲ በመስፉ ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ፣ ሩብ ዙር እያዞራችሁ እየመታችሁ አራት ማዕዘን አድርጓት። 7 ወይም 8 ሴንቲ እስክትሆን ትሳባለች። ከሥሯ 8 ሚሊ፣ ከጫፏ 4 ሚሊ ውፍረት ይበቃል። የመስፉ ጠርዝ ጭራዋ ከዘንጉ ጋር በምትገናኝበት ላይ ደረጃ ይተዋል። ያ ደረጃ የመሮው ትከሻ ነው። ትከሻ የሌለው መሮ በተመታ ቁጥር እጀታው ውስጥ እየጠለቀ ሄዶ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

አሁን ሌላው ጫፍ። ከዘንጉ 8 ሴንቲ ያህሉን ጠፍጥፉት። 20 ሚሊ እስኪሰፋ፣ 6 ወይም 7 ሚሊ እስኪሳሳ። ወደ ጫፉ ሲቃረብ 4 ሚሊ ይድረስ። በየጊዜው በጎኑ አቁማችሁ ምቱት፤ አለበለዚያ ጎኖቹ ይንሸዋረራሉ። ከዚያ በላይ አታሳሱት። እሳት የነካው ላይኛው ቆዳ ካርቦኑን ያጣል፤ ያ ስስ ቆዳ በሞረድ ተፍቆ መውጣት አለበት። ከመጀመሪያው ስስ ካደረጋችሁት የምትፍቁት አይኖራችሁም። መሮው አሁን 26 ሴንቲ ያህል ሆኗል።

ቅጥቀጣው ሲያልቅ ብረቱ ውስጡ የተጨናነቀ ነው። አረጋጉት። ማግኔት እስከማይስበው ድረስ አግላችሁ አውጡና ነፋስ የሌለበት ቦታ አየር ላይ ይጥቆር። ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እያንዳንዳቸውን ትንሽ ቀነስ ባለ ሙቀት። የብረቱ ቅንጣት የሚደቅቀው በዚህ ነው፣ ኋላ ሲነከር የመጣመም ዕድሉም ይቀንሳል። ብዙ ሰው ይዘለዋል። በመጨረሻ አንዴ አግላችሁ ደረቅ አመድ ባልዲ ውስጥ ቅበሩትና እስከ ነገ ተዉት። ጠዋት ስታወጡት ሞረድ እንደ ቅቤ የሚገባበት ልዝብ ብረት ታገኛላችሁ። አመዱ እርጥብ እንዳይሆን ብቻ።

ሞረድ

እዚህ ላይ ትዕግሥት እንጂ ብልሃት የለም። ጥቁሩን ቆዳ በሙሉ አንሱ። የመሮው ጀርባ፣ ማለትም ስለቱ የማይሳልበት ጠፍጣፋው ፊት፣ ፍጹም ለጥ ያለ መሆን አለበት። መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ ብርሃን ከሥር እያያችሁ አስተካክሉት። ከጠነከረ በኋላ ይህን ሥራ ለመሥራት ሰዓታት ይፈጃል። አሁን 20 ደቂቃ ነው።

የፊቱን ተዳፋት ወደ 25 ዲግሪ አድርጋችሁ ሞርዱ። ጫፉን ግን ስለት አታድርጉት። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ውፍረት ተዉለት። ስስ ጫፍ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ጎድጎድ ያለ የሞረድ ጭረት ካለም በብርጭቆ ወረቀት አጥፉት። ስንጥቅ የሚጀምረው ከጭረት ነው።

ማጠንከር

ሥራው ሁሉ የሚያልፍበት ወይም የሚወድቅበት አንድ ደቂቃ ይህ ነው። አመሻሽ ላይ ወይም ጥላ ውስጥ ሥሩት። በጠራራ ፀሐይ ፍም ቀይ የሆነ ብረት ጥቁር ይመስላል፤ ሳታውቁት አብዝታችሁ ታግላላችሁ።

ዘይቱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውስጥ አድርጉ። ፕላስቲክ አይሆንም። የምግብ ዘይት ጥሩ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ይሠራል ይላሉ። ይሠራል፣ ጢሱ ግን መርዝ ነው፤ እኔ አልጠቀምበትም። ዘይቱን ሌላ የጋለ ብረት እየነከራችሁ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቁት። ሞቅ ያለ ዘይት ስለሚቀጥን ብረቱን ከቀዝቃዛው ዘይት ፈጥኖ ያቀዘቅዛል። ግራ ያጋባል፣ ግን እውነት ነው። ውሃስ? የሞላ ብረት በዘይት እንዲጠነክር የተሠራ ነው። ውሃ ሙቀቱን በጣም ቶሎ ይነጥቀዋል፤ ውጭው ተኮማትሮ ውስጡ ገና ሳይከተል ብረቱ ይቀደዳል። ሁለተኛው መሮዬ የሞተው እንዲህ ነው።

ማጠንከር የምንፈልገው ከጫፉ 6 ሴንቲውን ብቻ ነው። አየሩን ቀንሱ። መጀመሪያ ወፍራሙን ክፍል ፍሙ መሃል አስገቡ፤ ስስ ጫፉ መጨረሻ ላይ ይድረስበት። ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሳችሁ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን አትቸኩሉ። በየጊዜው አውጥታችሁ በማግኔት ንኩት። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳቡ ያቆማል። ለሞላ ብረት ግን ከዚያ ትንሽ ማለፍ አለባችሁ፣ 830 አካባቢ። በዓይን ሲታይ አንድ ደረጃ ብቻ ደመቅ ያለ ቀይ ነው። ልብ ብሎ የሚያይ ሰው በቀዩ ውስጥ እንደ ጥላ የሚንቀሳቀስ ነገር ያያል። ጥላው ጠፍቶ ቀለሙ አንድ ሲሆን ደርሷል ማለት ነው።

ከዚያ አታመንቱ። ከእሳት እስከ ዘይት ሁለት ሰከንድ። ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት። ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ አንቀሳቅሱት። ወደ ጎን ካማሰላችሁት አንዱ ፊት ቀድሞ ይቀዘቅዝና መሮው እንደ ሙዝ ይጎብጣል። ዘይቱ ላይ ትንሽ ነበልባል ቢነሳ አትደንግጡ፣ ክዳኑን ድፉበት። ካስፈለገ አሸዋ። ውሃ ግን በፍጹም፤ የጋለ ዘይት ላይ የፈሰሰ ውሃ እሳቱን ሽቅብ ይረጨዋል። መሮው መጨሱን እስኪያቆም ዘይቱ ውስጥ ይቆይ።

አውጡትና ጥጉን በሞረድ ሞክሩት። መንሸራተት አለበት። ከነከሰ ወዲያው አትዘኑ፤ ካርቦኑን ያጣው ቆዳ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ ፈግፍጉ። ከሥሩ ጠንካራ ካገኛችሁ ደህና ነው። ካላገኛችሁ ሙቀቱ አልደረሰም፤ እንደገና አንዴ አረጋግታችሁ ድገሙት።

አሁን በእጃችሁ ያለው እንደ ብርጭቆ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ለነገ አታሳድሩት። እጅ የሚችለው ሲሆን ወዲያው ወደ ማለዘቡ እለፉ።

ማለዘብ

ጥንካሬውን ትንሽ ቀንሰን ጽናት እንገዛለን። ዳቦ የሚጋግር የኤሌክትሪክ ወይም የጋዝ ኦቨን ያለው ሰው ተገላገለ፦ 200 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና አንድ ሰዓት። የኦቨኑን ቁጥር ብዙ አትመኑት፤ ቴርሞ ሜትር ካላችሁ አስገቡበት።

ኦቨን ለሌለን ቀለም አለ። መሮውን ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ፈግፍጉ፣ የዘይቱንም ቅባት በሳሙና አንሱ። ወፍራም የብረት መጥበሻ ላይ 3 ሴንቲ ያህል ደረቅ ጥሩ አሸዋ አድርጋችሁ ከሰል ማንደጃ ላይ ጣዱ። አሸዋው በደንብ ሲግል የመሮውን ወፍራም ክፍል ቅበሩ፤ የስለቱ ጫፍ ብቻ ወጣ ይበል። ብረቱ ሲሞቅ ፊቱ ላይ ቀለም ይሮጣል። መጀመሪያ የደረቀ ጭድ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ ይመጣል፣ ወደ 210 ዲግሪ ነው። ከዚያ የማር ቀለም፣ ወደ 240። ቀጥሎ ቡናማ። ወይን ጠጁ ወደ 275፣ ሰማያዊው ወደ 295 ይሆናል። ወፍራሙ ክፍል ከጫፉ ቀድሞ ስለሚቀለም ቀለሞቹ ወደ ስለቱ ተሰልፈው ሲመጡ ታያላችሁ። ጫፉ ላይ ጭዱ አልፎ ማሩ ሊገባ ሲል አውጡና ውሃ ውስጥ ንከሩት። አሁን ውሃ አይጎዳውም። በላይኛው በኩል ያለው ሰማያዊ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ያ ክፍል ስለት አይደለም፣ የመዶሻውን ምት ችሎ መኖር ነው ሥራው። ሰማያዊው ጫፉ ድረስ ከደረሰ አልፎባችኋል። ተስፋ አትቁረጡ፣ ከማጠንከሩ መጀመር ነው።

የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድስ? እንጀራ የሚጋገረው ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሆነ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። እኔም ሞክሬዋለሁ። አሸዋ አድርጌ፣ አክንባሎ ከድኜ፣ በየ5 ደቂቃው እየገለጥኩ አየሁ። ሠርቷል። ምጣዱ ሁሉ ቦታ እኩል ስለማይግል ግን መሮውን ማዘዋወር ያስፈልጋል። ደግሞ ምጣዱ የማን እንደሆነ ከሥራው በፊት ብትነጋገሩ ይሻላል። እኔ በኋላ ነው የተነጋገርኩት።

ስለትና እጀታ

መሳያ ድንጋይ ከሌላችሁ ወፍራም መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፉ። ከቁጥር 220 ጀምራችሁ 400፣ ከዚያ 1000 ድረስ ሂዱ። ቅድሚያ ጀርባው፣ ቢያንስ ከጫፉ 3 ሴንቲው ፊታችሁን እስኪያሳይ። ከዚያ ተዳፋቱ። ለዋንዛና ለጽድ 25 ዲግሪ ይሆናል። ወይራ ለሚቦረቡር ሰው ጫፉ ላይ 30 ዲግሪ የሆነች ቀጭን ሁለተኛ ተዳፋት ጨምሩለት። በመጨረሻ ያረጀ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተታችሁ አብሱት። ግራይንደር ወይም ሞተር ድንጋይ የምትጠቀሙ ከሆነ በየሦስት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ያ ሁሉ የማለዘብ ድካም እዚያች ቦታ ላይ ጠፋ ማለት ነው።

እጀታው ወይራ ይሁን፤ የደረቀ ወይራ። ጭረቱ፣ ማለትም የእንጨቱ የራሱ መስመር፣ ቀጥ ያለውን 13 ሴንቲ ቁረጡ። ጭራዋ የምትገባበትን ቀዳዳ መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ፣ ከዚያ አፉን በወፍራሙ ብሱ። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ከውሃ ቧንቧ 15 ሚሊ ቁረጡና አንገቱ ላይ ቀለበት አጥልቁለት። ይህ እሳት ስለማይነካው ዚንኩ ችግር የለውም። ትከሻው ላይ ሮንዴላ አስገቡ። ከዚያ ጭራዋን ብቻ ደብዛዛ ቀይ እስክትሆን አግላችሁ፣ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀዳዳው ውስጥ አስገቧት። ትጨሳለች፣ ቦታዋን በልታ ታበጃለች። 1 ሴንቲ ሲቀራት አውጧትና ሁለቱም ይቀዝቅዙ። በኋላ በእንጨት መዶሻ እጀታውን ብቻ እየመታችሁ እስከ ትከሻዋ ድረስ አስገቧት። ሙጫ አይፈልግም።

ለመፈተን የጽድ ቁራጭ አምጡና በተቆረጠው ጫፉ በኩል፣ ማለትም ጭረቱን ተሻግራችሁ፣ በእጅ ግፊት ብቻ ላጡት። ስለቱ ልክ ከሆነ የተላጠው ቦታ ያብረቀርቃል፤ ካልሆነ ሰጋቱራ የመሰለ ድቃቂ እየፈረፈረ ነጭ ሻካራ ይተዋል። ከዚያ ወይራ ላይ ሃያ ጊዜ በመዶሻ ምቱትና ጫፉን እዩ። ከተሸራረፈ በጣም ጠንክሯል፤ አሸዋው ላይ መልሳችሁ እስከ ማር ቀለም አድርሱት። ከተጠቀለለ መጀመሪያ ግማሽ ሚሊ ሳሉትና ድገሙት፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ካርቦን ያጣው ቆዳ ነው። አሁንም ከተጠቀለለ ወደ ዘይቱ መመለስ ነው።

ከተረፈው ሞረድና ባሌስትራ

ያረጀው ሞረድ እሳት ሳይነካው የእንጨት መፋቂያና ማስመሪያ ቢላ ይወጣዋል። ቀድሞውኑ ጠንካራ ነው፣ እንዲያውም በጣም። 200 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆዩት፤ ካለዚያ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ጥርሶቹን ሙሉ በሙሉ በድንጋይ አንሱ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የጥርስ ጎድጓድ የስንጥቅ መጀመሪያ ነው። ለማስመሪያ ቢላ አንዱን ፊት ለጥ አድርጋችሁ ሌላውን ብቻ ሳሉት። ለጥ ያለው ፊት ማዕዘን መለኪያው ላይ ተደግፎ መስመሩን በትክክል ይይዛል።

ባሌስትራ ደግሞ ለእንጨት መላጊያ ምላጭ ነው። 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ምላጭ ከሱቅ ከሚገዛው ስስ ምላጭ ይልቅ አይንቀጠቀጥም፤ ወይራ ስትልጉ ልዩነቱ በጆሮ ይሰማል። አቅኑት፣ አረጋጉት፣ በመላጊያችሁ አፍ ልክ ቁረጡት። የሚጠነክረው ጫፉ 4 ሴንቲ ብቻ ነው። የማለዘቢያው ቀለም ከመሮው ቀለል ይበል፣ ፈዛዛ ጭድ ላይ ይቁም። ምላጭ በመዶሻ አይመታምና።